ቤት ሲመታ

ሰባት ቤት ኖሬያለሁ በሰው ጣራ ሥር፤
ሰባት በር አውቃለሁ ማታ ማታ ሲታሰር።
አንዱ ሳሙና በር፣ አራዳ ላይ ሁለት፣
አንዱ ቀሃ ማዶ፣ ወንዙ የሚሰማበት፤
እትዬ አንጓች ግቢ፣ ዕድሜዬን የፈጀሁበት፣
ሦስት ሰዓት ሲያልፍ ልብስ እየጠቀምኩ
ግድግዳው ይመታል፦ «መብራት!»፤ በጨለማ ጨረስኩ።
በወር በሦስተኛው ደጄ ላይ ስትቆም
ቃሏ አንዲት ነበረች፦ «ልጄ፣ ወር ዘመድ የለውም።»

ቅዳሜ ገበያ፣ የልብስ ሰፊዎች እቁብ፣
ሠላሳኛው ሳምንት ወጣ ስሜ ከዚያ ሁሉ ስብስብ።
አንዷ ወርቅ ግዢ አለች፣ ሌላዋ ባጃጅ፤
እኔ ግን አዘዞ፣ ከሟች እናቴ ደጅ፣
ከወንድሞቼ ጋር በገመድ የተካፈልናት፣
ስምንት በአሥራ አንድ እርምጃ፣ ሁለት ክፍል አሰብኩባት።

ብሩ ቆርቆሮ ላይ አለቀ።
ጎደለ። ሁልጊዜ ይጎድላል።
ቤት ማለት ጉድለት ነው፣ ጣራ ለብሶ የሚታይ።

ብድር ቢሮ ገባሁ። አዛናው የሚባል፣ ልጅ እግር ሠራተኛ፣
ካርታዬን ገልጦ አየ፤ እኔን አየኝ ዳግመኛ፤
በማሽኑ ደመረ፣ ቀነሰ፣ አካፈለ፤
«ሁለቱም ቢከራይ፣ ይኼ ይተርፍሻል» አለ።
«ግን እህቴ፣ ቤቱ ሁለት ወር ባዶ ቢያድርስ?
ተማሪው ለክረምት ወዳገሩ ሲመለስ?
ቆርቆሮው ቢያፈስ፣ ሽንት ቤቱ ቢሞላስ?»
«በጥምቀት አከራያለሁ፤ እንግዳ ይመጣል።»
«ጥምቀት ሦስት ቀን ነው፤ ዕዳሽ አርባ ስምንት ወር ይቆያል።»
ወንድሜ ይርጋ ዋስ ሆነ፤ ስክሪብቶው ተንቀጠቀጠ፤
ያልተሠራው ጣራ የወደቀበት ይመስል ዓይኑ ፈጠጠ።

ግጥም ቤት ሲመታ አንድ ፊደል በቃው፤
የኔ ቤት እስኪመታ ስንት ጆንያ ሲሚንቶ በላው!
አሸዋው በአህያ፣ ውሃው በጀሪካን፣
አናጢው «ነገ» ሲል ያለፈው ስንት ቀን!

መስከረም ሲያበቃ ሁለት በር ቆመ፤
አንዱን ነርስ ያዘችው፣ አንዱ ባዶ ከረመ።
እኔ ኩሽና ገባሁ፣ ከምጣዱ ጎን አነጠፍኩ፤
ባዶውን ለተከራይ በየጧቱ ጠረግኩ።

ደላላው መጣልኝ፦ «ጨምሪ፤ የስድስት ወር ቅድሚያ ጠይቂ፤
ደግነትሽን እህቴ፣ ዕዳሽ እስኪያልቅ ጠብቂ።»
ሳቅኩበት። ለሰባቱ ቤቶቼ ምዬ ነበር፣ ግድግዳ ላልመታ፣
ቆጣሪ ላልቆጥር፣ «መብራት» ላልል ማታ።

ጥር ላይ የትርንጎ ደመወዝ ዘገየ።
የብድሩ ቀን ሦስት ነው። ብድር አይዘገይም።
ሄድኩ።
ነጠላዬን አጣፍቼ ደጇ ላይ ቆምኩ።
«እንዴት ዋልሽ፣ ሥራ እንዴት ነው» ልል ነበር፤
ጉሮሮዬ ተከፈተና፣ እምላለሁ፣ በእትዬ አንጓች ድምፅ
«ልጄ» አልኩ፣
«ወር ዘመድ የለውም።»

አላለቀሰችም። ግማሹን ቆጥራ ሰጠችኝ፤
«ቀሪውን ሰኞ» ብላ፣ ያኔ እኔ በምለው ቃና መለሰችልኝ።

እትዬ አንጓችስ ስንት ወር ነበር የቀራት?
ግድግዳ ስትመታ፣ ከጀርባዋ ማን ነበር የሚመታት?
አልጠየቅኳትም። ተከራይ ይህን መቼ ይጠይቃል።

አምስት ሰዓት ሆነ። በካርቶን ቅዳጅ ላይ ሂሳብ ሠራሁ፦
አርባ አራት ወር ቀረኝ።
የባዶው ክፍል ዜሮ።
የጎደለችውን ለመሙላት ስድስት ዩኒፎርም፣ እስከ ሰኞ።
በትርንጎ በር ሥር ቀጭን ብርሃን ወጥቷል፤
ቆጣሪው ከራስጌዬ ነው፣ ሲዞር ይሰማኛል።

እጄ ግድግዳው ጋ ደረሰ።
አልመታሁም።
ግን ቆጠርኩ።